ስልኩ ያዳምጥ

ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣልን ስክሪን ነው፤ ታብሌት፣ ፕሮጀክተር፣ ስማርት ቲቪ። ሁሉም ማሳያ ናቸው። በአገራችን የዚህ አስተሳሰብ ትልቁ ምልክት ፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ እየተዘጋጀ በሳተላይት ይመጣ፣ በእንግሊዝኛም ይተላለፍ ነበር። ተማሪው ቢገባውም ባይገባውም ስክሪኑ አይጠብቀውም። መምህሩም ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ዳር ይዞ ይቆማል። ፕላዝማ አንደኛ ደረጃ ድረስ አልወረደም፤ ልማዱ ግን ወርዷል። ዛሬም የሁለተኛ ክፍል መምህርትን በዲጂታል አስተምሪ ቢሏት መጀመሪያ የምትፈልገው ቪዲዮ ነው።

እኔ የታችኛውን እርከን የማስተምር መምህርት ነኝ። ለዚህ እርከን ልጆች ስልክ ከሚያሳየው ይልቅ የሚሰማው ይበልጣል እላለሁ። ንባብ ሳስተምር በጣም የሚጠቅመኝ የድምፅ መቅጃው ነው። ዳታ አይበላም፣ ርካሹም ስልክ ላይ አለ።

ምክንያቱን ለማየት ሂሳቡን መሥራት ይበቃል። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ክፍሉ ውስጥ 50 ልጅ ቢኖር፣ ብዙ ቦታ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ስለዚህ በኅብረት እናስነብባለን። በኅብረት ሲነበብ ማንበብ የማይችለው ልጅ ከሚችለው አይለይም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ድምፁ ከሁሉም ይጎላል።

እንደዚያ ያለ ልጅ ነበረኝ። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሁሉም ጮክ ብሎ ያነባል። ለብቻው ስቀዳው ምንባቡን አንድም ሳይሳሳት ተወጣው። ማታ ቤቴ ቅጂውን ስሰማ ግን አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ ገጹ ሲገለጥ ወረቀቱ የሚያሰማው ድምፅ የመጣው ልጁ የሚቀጥለውን ገጽ የመጀመሪያ ቃል ከተናገረ በኋላ ነው። ሸምድዶታል ማለት ነው። በማግስቱ ያንኑ ምንባብ ከታች ወደ ላይ አንድ አንድ ቃል እየጠቆምኩ ጠየቅሁት። ካዕቡን ከሣልሱ፣ ራብዑን ከኃምሱ አይለይም። በጣም ጎበዝ ልጅ ነው፤ ያን ሁሉ ገጽ በጆሮው ብቻ መያዙ ራሱ ጉብዝና ነው። ክፍል ውስጥ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ይህን ልሰማው አልችልም ነበር።

ለአማርኛ ደግሞ ማዳመጥ የተለየ ጥቅም አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውኃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ሌላ ነው። «የገና በዓል ገና ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ፊደል ብቻ የሚቆጥር ልጅ ሁለቱንም «ገና» አንድ ዓይነት አድርጎ ያነባቸዋል። ትርጉሙ የገባው ልጅ ማንም ሳይነግረው የመጀመሪያውን አጥብቆ ሁለተኛውን ያላላል። ስለዚህ ልጁ የሚያነበውን ይረዳው እንደሆነ ጥያቄ ሳላወጣ ከድምፁ አውቀዋለሁ። የጽሑፍ ፈተና ይህን አይነግረኝም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰልፍ ከመደረጉ በፊት ወይም በዕረፍት ሰዓት ጥቂት ልጆችን እየጠራሁ ጸጥ ያለ ጥግ ላይ እቀዳለሁ። ስልኩ ተደውሎበት እንዳያቋርጥ የበረራ ሁነታ ላይ ይሆናል። ልጁ ስሙን ሳይሆን የስም መጥሪያ ተራ ቁጥሩን ይናገርና አንድ ደቂቃ ያህል ያነባል። ከዚያ መልሶ ይሰማዋል፤ የሥራው ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ይስቃሉ፤ «እኔ ነኝ?» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ግን የዘለሉትን ቃል ራሳቸው ይይዙታል። «ቲቸር፣ ድጋሚ ላንብበው» የሚለው ልመና ከእኔ እርማት ሁሉ ይበልጣል።

ድምፅ ከወላጅ ጋርም ያገናኛል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙዎቻችን ወደ ቴሌግራም ዞርን። ስልኩ የአባት ነው፤ ጠዋት አብሮት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። የላክነው ቪዲዮ ዳታ ጨርሶ ሳይከፈት ይቀራል፤ አጭር የድምፅ መልእክት ግን ይደርሳል። ማንበብ የማይችሉ እናትም የልጃቸውን ንባብ ሰምተው ደስ ሊላቸው ይችላል። ስክሪን ግን መጽሐፍን አይተካም፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲጀመር መጽሐፍ ባልደረሰበት ቦታ ፒዲኤፉ በስልክ ሲዞር ከረመ። ለመምህሩ ጠቅሞታል። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ጣቱ ሥር የሚሸሽ ገጽ መጽሐፍ አይሆነውም፤ ምንባቡን ትልልቅ አድርጎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይሻላል።

በስልክ ማስጻፍንም በዚህ ዕድሜ አልደግፍም። ብዙ የአማርኛ ኪቦርድ በላቲን ፊደል ድምፅ የሚሠራ ስለሆነ «ለ»ን ለማግኘት መጀመሪያ ሌላ ፊደል መንካት ይጠይቃል። ፊደል ገና ለሚለይ ልጅ ይህ ማደናገር ነው። እርሳስ ይያዝ።

ቪዲዮ አይታይ ማለቴ አይደለም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም የጀመረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ራሷ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ ይህም ሥራው ላይ ይታያል። ከካልሲ የተሠራችው ትንሿ ቀጭኔ ፀሐይ ትጠይቃለች፣ ታስባለች፣ ልጁንም አብሯት እንዲያስብ ታደርገዋለች። እኔም ሳሳይ መልሱ ከመምጣቱ በፊት አቆመዋለሁ፤ «አሁን ምን ታደርጋለች?» እላለሁ። ልጆቹ ከተከራከሩ በኋላ ነው የሚቀጥለው።

አንድ ነገር ግን ያስቆጣኛል። የሚንተባተብ ልጅ ሲያነብ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ እየተለመደ ነው፤ ሰው ይስቃል፣ ላይክ ይበዛል። ያ ልጅ ነገም እዚያው ክፍል ይገባል። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ባይኖር እንኳ ይህ ነውር ነው። እኔ ውጤቱን ደብተሬ ላይ ካሰፈርኩ በኋላ ቅጂዎቹን አጠፋቸዋለሁ፤ ለወላጅም የምልከው የራሱን ልጅ ድምፅ ብቻ ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ታብሌቱ እስኪመጣ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት በኅብረት ሲነበብ ድምፃቸው ከሁሉ የሚጎላ ልጆችን ለየብቻ ጠርታችሁ ቅዱና ስሟቸው። ርዕሳነ መምህራንም፣ መምህሩ ልጅን ለብቻው የሚያዳምጥበት ጥቂት ደቂቃ የሰዓት ድልድሉ ውስጥ አስገቡለት።