ፊርማው ሳይነሳ

ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ሻይ የምጠጣባት ቤት አለች። ጠዋት ጠዋት የክፍለ ሀገር ተሳፋሪ ከነሻንጣው ይሞላታል። ጥጉ ላይ ደግሞ ሦስት አራት መምህራን አይጠፉም። ሰሞኑን ወደ እነሱ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነበር። (ነውር መሆኑ አልጠፋኝም።)

«ሰውየው መጥፎ አይደለም እኮ!» አለ አንዱ፣ ስለ ዳይሬክተራቸው። «ብቻ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ክፍሌ ገብቶ አያውቅም።»

«መቼ ይግባ? ስብሰባ ላይ ነዋ!»

ሳቁ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ «ርዕሰ መምህር» የሚለው ማዕረግ ውስጥ «መምህር» አለ። እኛ በአፋችን «ዳይሬክተር» ብለን አስቀረነው፤ ሥራውም ስሙን ተከትሎ ሄደ። ጠዋት ፊርማ ማንሳት፣ ቀን ወረዳ መሰብሰብ፣ ማታ ሪፖርት መሙላት። መምህሩ ማርፈዱ ይመዘገባል። ልጆቹ ክፍልፋይ ይግባቸው አይግባቸው ግን ጠያቂ የለውም።

ኬኔት ሊትውድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በትምህርት ቤት ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ለተማሪው መማር ከማስተማሩ ቀጥሎ ሁለተኛውን ቦታ የሰጡት ለአመራሩ ነው። ለሻይ ቤቱ መምህራን ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

«ታዲያ ለምን አትነግሩትም?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። አንዴ ነውሩን ጀምሬዋለሁ።

በዕድሜ ጠና ያሉት መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ልጄ፣ የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞላው እሱ አይደል እንዴ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተቋጠረው። ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህር ያለውን መሰላል ለመውጣት ነጥብ ያስፈልጋል፤ ነጥቡ ውስጥ የአለቃ እጅ አለበት። ስለዚህ አለቃው አዳራሽ ውስጥ ይጨበጨብለታል፣ ሻይ ቤት ውስጥ ይታማል።

እውነት እንነጋገር ከተባለ መምህራኑም ንጹሕ አይደሉም። ደብተሩን ይዞ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ርዕሰ መምህር ሲመጣ «ሊሰልለን ነው» የሚሉት እነሱው ናቸው። ቢፈሩም አልፈርድባቸውም፤ የሚያውቁት አለቃ ክፍል የሚገባው ጥፋት ሲፈልግ ብቻ ነዋ።

ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር፣ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አገሩ ሁሉ ስለ ኩረጃ አወራ። የመጽሐፉ እጥረትም ድህነቱም ተነሳ፤ ልክ ነው። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራን ግን ዓመታት ሙሉ ምን ሲያዩ እንደኖሩ፣ አለቃ በሌለበት፣ ስማቸው ሳይጻፍ የጠየቃቸው ስንት ሰው ነው?

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ኮተቤ ስማር ለልምምድ ወጥቼ፣ መምህሬ ከኋላ ተቀምጦ አየኝ። ሰሌዳው ላይ በጣም ትፈጥናለህ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ፈጥኜም ይሁን ዘግይቼ የነገረኝ የለም።»

«ጋሼ፣ ፊርማው ሊነሳ ነው!» አለ ወጣቱ ሰዓቱን እያየ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ።