ሐውልቱን አስመለስን፤ ሳንቲሙንስ?

ሳንቲም መሰብሰብ የሥራ ፈት ሥራ ነው ብላችሁ የምታምኑ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ባለቤቴም እንደዚያው ታምናለች። ነገር ግን ይህች ትንሽ ልማድ ስለ ቅርስ የምንናገረውና የምንሠራው ምን ያህል እንደሚራራቅ ስለምታጋልጥ እስቲ ጥቂት ታገሡኝ። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምኖርበት ከኮሪያታውን ተነሥቼ፣ በኦሊምፒክ መንገድ አውቶቡስ ይዤ ፌርፋክስ መሄድ ልማዴ ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማት ያቺ አጭር መንገድ ለእኛ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ ወሬውም የሚገኝባት ናት። አንድ ቅዳሜ ቡና ከጠጣን በኋላ፣ አንድ የማከብራቸው እንደ እኔው ሳንቲም ሰብሳቢ የሆኑ አዛውንት ከኮታቸው ኪስ በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ የወርቅ ሳንቲም ነበረች። ዘውድ የደፋ ንጉሥ በሁለት የስንዴ ዛላዎች መካከል ተቀርጾባታል፤ ከበላዩ መስቀል አለ።

«የአክሱም ናት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጋሼ፣ ከየት አገኟት?»

«ከኢንተርኔት ነዋ! ሻጩ አውሮፓ ነው ያለው።»

«ከኢትዮጵያ መቼ እንደወጣች የሚናገር ወረቀት ሰጥቶዎታል?»

ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ወርቅ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል? ወርቅ ራሱ ይናገራል!»

እኚህ ሰው የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም ሲመለስ በደስታ ያለቀሱ ናቸው። በ1868 ከመቅደላ ስለተዘረፈው ሀብት ሲነሣ ደማቸው ይፈላል። ያን ዕለት ግን መልስ አልሰጠኋቸውም። ምክንያቱም ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም ስለ ወረቀት አልጠይቅም ነበር፤ ዋጋዋን ጠይቄ ቤቴ ገብቼ በቅናት እንቅልፍ አጣ ነበር። ታዲያ ሰው ከዋጋ ጠያቂነት ወደ ወረቀት ጠያቂነት እንዴት ይደርሳል? እስቲ የራሴን ጉድ ላውጣ።

መሰብሰብ የጀመርኩት ዊልሸር መንገድ ላይ በአንድ መኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ ነው። ዘመኑ የአሜሪካ መንግሥት ከ1999 እስከ 2008 ድረስ በየዓመቱ አምስት አምስት እያደረገ የ50ዎቹን ግዛቶች ኳርተር ያወጣበት ነበር። በደላዌር ጀምሮ በሃዋይ ጨረሰ። በካሊፎርኒያ እጅ የሚገባው በአብዛኛው ዴንቨር የተመታውና «ዲ» የሚል ፊደል ያለበት ስለሆነ፣ የፊላዴልፊያው «ፒ» ሲመጣልኝ ሎተሪ የደረሰኝ ይመስለኝ ነበር። ከኪሴ ተክቼ እወስዳለሁ። የአፓርትመንታችን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ደግሞ ከኳርተር ሌላ አይበላም። ባለቤቴ አንድ ቀን የተደበቀውን ጠርሙስ አግኝታ «ሃዋይ እስክትወጣ ድረስ በቆሸሸ ልብስ ልንሄድ ነው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ጣዕም አልነበረኝም። የነበረኝ 50 ቀዳዳ ያለው ካርቶን ነው። ቀዳዳው የሚጎድለውን ይነግረኛል፣ እኔ እሞላለሁ። ብዙ ሰብሳቢ ዕድሜውን በሙሉ እዚህ ላይ ይቆማል፤ በትሕትና ከተያዘ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ይኸው የቀዳዳ ረሃብ ወደ አገር ቤት ሳንቲም ሲሻገር ነው።

የኔ ረሃብ የተሻገረው በናፍቆት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተባለ አንድ አሥር ሳንቲም ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዛሁ። የንጉሡ ፊት በሰው ጣት ብዛት ተልጧል፣ አንበሳው ግን ገና ባንዲራውን እንደያዘ ነው። ወዲያው የአሜሪካኑን ልማዴን ይዤ በየዓመቱ የወጣውን አንድ አንድ ልሰበስብ ተነሣሁ። ወራት ፈጀሁ። የማገኘው ሁሉ ያው ፲፱፻፴፮ ነው! በኋላ ስረዳ፣ ለካ ከ1945ቱ የገንዘብ ለውጥ ጋር የመጡት ሳንቲሞች ለብዙ ዓመታት ሲመቱ ዓመተ ምሕረታቸው አልተለወጠም። ንጉሡ በ1974 ከዙፋን በወረዱ ማግስት እንኳን ሰው ሻይ የሚከፍለው በ፲፱፻፴፮ ሳንቲም ነበር። ደርግም ቢሆን በአዲሶቹ ሳንቲሞች ላይ ፲፱፻፷፱ አለና ዓመቱ እዚያው ተገትሮ ቀረ፤ ደርግ ከወደቀም በኋላ ያው ባለ አንበሳ ራስ ሳንቲም በገበያ ቀጠለ።

የአሜሪካ ሰብሳቢ ዓመት ያሳድዳል፤ የእኛ ሳንቲም ዓመቷን ትደብቃለች። ስለዚህ ዓይኔን እንደገና ማስተማር ነበረብኝ። የአንበሳው ጎፈር እንዴት ተቀርጿል? ማግኔት ሲጠጋው ይስበዋል ወይስ አይስበውም? የሽልንጓ ብርስ 800 ከሺህ ነው ወይስ በኋላ እንደተቀነሰው 700 ከሺህ? ይህን ስቆፍር ነው ሃምሳ ሳንቲሟ በፊላዴልፊያ መመታቷን፣ ብሩም አሜሪካ በጦርነቱ ዘመን ያበደረችው መሆኑን ያወቅሁት። ሽልንጋችን ከእኛ ከስደተኞቹ በፊት አሜሪካን አይታ ኖሯል! አንድ ሳንቲም ላይ እንዲህ ስትቆይ ሌላውን የመግዛት ጥድፊያህ ይቀዘቅዛል። ለእኔ የጣዕም መጀመሪያ ይህ ነው።

ጥፋቴንም ልናገር። በእጄ የገባውን የዳግማዊ ምኒልክን አንድ መሐለቅ፣ እናቴ የነሐስ ዕቃ ስታጸዳ እንዳየኋት፣ በሎሚና በአመድ አሸሁት። እንደ መስታወት አበራ። ለአንድ ነጋዴ ባሳየው ፊቱን አዞረ። የመቶ ዓመት የእጅ ወዝና ጥላ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገፍፌዋለሁ፤ አይመለስም። ያ መሐለቅ ዛሬም አለኝ። እንዳልሸጠው ሳይሆን እንዳልረሳው ነው የማስቀምጠው።

ከዚያ ጥፋት ሸሽቼ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ፤ ንጹሕና ያልተነካ ብቻ። ዊሊያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ በ1949 ባወጣው መለኪያ መነሻነት ሳንቲም ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጠዋል፤ በፕላስቲክ ይታሸግና ነጥቡ ይለጠፍበታል። እኔም ሳንቲሙን ትቼ ነጥቡን መግዛት ጀመርኩ። በ1972 የወጡትን የአፄ ቴዎድሮስን፣ የአፄ ዮሐንስን፣ የአፄ ምኒልክን፣ የንግሥት ዘውዲቱንና የአፄ ኃይለ ሥላሴን የብር መታሰቢያዎች አሰባስቤ በኩራት ደረደርኩ። ያምራሉ፣ አልክድም። ግን አንድም የኢትዮጵያ ገበሬ በእነሱ ጨው ገዝቶ አያውቅም። ለሰብሳቢ መሳቢያ የተሠሩ ናቸው፤ በወሎ ረሃቡ በተቃረበበት ሰሞን። ደርግም «የሰፊው ሕዝብ» ነኝ እያለ በ1970 ዓ.ም. ባለ ዋልያ 600 ብር በወርቅ አስመትቷል። 600 ብር! ያን ጊዜ ይህን ገንዘብ በአንድ ጊዜ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰፊ ሕዝብ ስንት ነበር? ንጉሡና ደርግ በብዙ ነገር አይገናኙም፤ ለባዕድ ሰብሳቢ ሳንቲም በማሳመር ግን ተገናኝተዋል። የገዛሁትም እኔ ነኝ።

ከዚህ ያወጣኝ ያገራችን ገበያተኛ ነው። ማርትሬዛን አስቡ። እቴጌይቱ በ1780 ሞቱ፣ ጠገራዋ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘች ከእሳቸው በኋላም በቪየና፣ ኋላም በሌሎች አገሮች ስትመታ ኖረች። ሙሶሊኒ እንኳን አገራችንን በወረረበት በ1935 ሮም ላይ አስመትቷታል። የእኛ ሰው ይህችን ጠገራ የሚቀበለው በእቴጌይቱ ጌጥ ላይ ያሉትን እንክብሎች ቆጥሮ፣ ፊቷን አገላብጦ አይቶ ነው። አልጥም ያለችውን ይመልሳል። አፄ ምኒልክ በ1894 ፓሪስ ያስመቱት የራሳቸው ብር ከማርትሬዛ በምን ያንሳል? አንበሳው ግርማ አለው፣ ፊደሉ የራሳችን ነው። ገበያው ግን ለብዙ ዘመን የለመደውን አልለቅም አለ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል» የሚለው ተረት በአሞሌ ሲገበያይ ከኖረ ሕዝብ አፍ የወጣ መሆኑን አትርሱ። ያ ገበሬ ፊደል አልቆጠረም ይሆናል፤ ሳንቲም በመተቸት ግን ከእኛ ከባለ ፕላስቲኮቹ ይበልጥ ነበር። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ልመንሽ ወይስ አልመንሽ?

ዛሬ ከሁሉ የምወዳት አንገት ላይ እንድትንጠለጠል ጆሮ የተበጀላት አንዲት ማርትሬዛ ናት። በነጥብ ሰጪዎቹ ሕግ የተበላሸች ነች። ለእኔ ግን የአንዲት ሴት ጌጥ ሆና የኖረች ምስክር ናት። ያ ጉድለት ያልኩት ነገር ታሪኳ ሆኖ አገኘሁት።

ወደ አዛውንቱ ወርቅ ልመለስ። አክሱም ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ መትታለች። በዒዛና ዘመን ጨረቃው ወርዶ መስቀል ወጣ፤ በገንዘባቸው ላይ መስቀል ካሳረፉ ከዓለም መንግሥታት መጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። ከነሐሱ አንዳንዱ ላይ በግሪክ ቋንቋ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ አለ። ይህን ሁሉ ያወቅነው ግን ሳንቲሟን በማየት ብቻ አይደለም። በየመን አል ማድሃሪባ የተገኘው ክምችት ከ800 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከሮማውያን ወርቅ ጋር ተቀላቅለው የያዘ ነበር። አንድ ላይ መገኘታቸው ስለ ቀይ ባሕር ንግድ አወራ። ያው ክምችት አንድ በአንድ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ 800 የሚያብረቀርቁ ዲዳዎች ይሆኑ ነበር። ወርቅ ራሱ አይናገርም፤ የሚናገረው የተገኘበት ጉድጓድ ነው።

በ2000 የወጣው የባህል ቅርስ አዋጅ እንዲህ ያለውን ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ከ2020 እስከ 2022 በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ቅርስ መዘረፉን፣ የብራና መጻሕፍትም በኢንተርኔት ለሽያጭ መቅረባቸውን ሰምተናል። ታዲያ ያለ ወረቀት የምትመጣን የአክሱም ወርቅ ከየት መጣሽ ሳንል ስንገዛ፣ ነገ የሚቆፍረውን ሰው ደመወዝ እየከፈልን አይደለምን?

«እዚያ ብትቀር ትቀልጥ ነበር፤ እኔ ዘንድ ትጠበቃለች» የሚለኝ ብዙ ነው። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ ስንቱ ጠገራ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል። ነገር ግን ስለ መቅደላ ሲጠየቁ እንግሊዞቹ የሚመልሱልን ምን ነበር? «እኛ ዘንድ በደኅና ተጠብቋል» አይደለም እንዴ? ያን ከእነሱ ካልተቀበልን ከራሳችንም ልንቀበለው አይገባም። 24 ሜትር ድንጋይ ለማስመለስ የጮኸ አፍ፣ ሁለት ግራም የማይደርስ ወርቅ ሲሆን ለምን ዝም ይላል?

ስለዚህ የሰብሳቢን ብስለት የምለካው እምቢ ባለው ነገር ነው። ምን እንደገዛ በመሳቢያው ይታያል፤ ምን እንደመለሰ ግን ራሱ ካልጻፈው ማንም አያውቅም። እኔ አሁን ደብተር አለኝ። ለእያንዳንዷ ሳንቲም ከማን፣ መቼ፣ የት እንደገዛኋት፣ ክብደቷንና ፎቶዋን አኖራለሁ፤ በስተመጨረሻው ገጽ ደግሞ ወረቀት ስላልነበራቸው የተውኳቸውን እጽፋለሁ። እኛ ስናልፍ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ፲፱፻፴፮ን ማንበብ እንኳን ላይችሉ ይችላሉ። ያለ ደብተር የቀረ ስብስብ በኪሎ ይሸጣል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ፌርፋክስ ላይ አዛውንቱን አገኘኋቸው። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ምንም አላሉኝም። ከዚያ ናፕኪኑን አወጡ።

«ለሻጩ ጻፍኩለት» አሉኝ። «ከየት እንዳገኛት፣ መቼ እንደወጣች ጠየቅሁት። ሌላ የሚሸጥ እንዳለው ነገረኝ እንጂ ለጥያቄዬ መልስ የለውም።»

«እሷስ ጋሼ? ወርቅ ራሱ ይናገራል ብለውኝ ነበር።»

ሳንቲሟን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ዝም አለችኝ» አሉ። ቀጥለውም የማንበቢያ መነጽራቸውን አደረጉና «እስቲ ወረቀት አምጣ፤ ለቅርስ ባለሥልጣን ደብዳቤ እንዴት ነው የሚጀመረው?» አሉኝ።

እየጻፍን ነው። ቸር ይግጠመን።