በቀን ስንት ጊዜ ላጠጣው?

አዲስ የገባችው ጎረቤታችን ጎመን ተክላ፣ «እትዬ፣ በቀን ስንት ጊዜ ላጠጣው?» አለችኝ። ጓሮ የጀመረ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሴ አንድ ነው፦ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብቶ እርጥበት ካገኘ፣ አታጠጪ።

ዘር እስኪበቅልና ችግኝ ሥር እስኪይዝ ላዩ መድረቅ የለበትም፤ እሱ ሌላ ነው። ክርክሬ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ከአጥር ማዶ ያሉት ጋሼ ማታ ማታ የውሃ ጎማቸውን ይዘው ቅጠሉን ሁሉ ያረሰርሱታል። «ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ይርካ እንጂ» ይላሉ። በዚህ ተስማምተን አናውቅም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጠጣ ተክል ሥሩን ወደ ታች የሚሰድበት ምክንያት የለውም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ቧንቧው የጠፋ ዕለት እኩለ ቀን ሳይደርስ ይጠወልጋል። ቆይቶ ቆይቶ፣ ግን ጠልቆ እስኪገባ፣ በጠዋት፣ ከግንዱ ሥር ማጠጣት ነው። ማታ የረጠበ ቅጠል እርጥብ ያድራል፤ ቲማቲምን አጥቁሮ የሚጨርሰው በሽታ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ገብቶ ድንቹን ያወደመው ያው በሽታ ነው። ስለዚህ ቲማቲምና ድንች ጎን ለጎን አልተክልም።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሥሩም አየር ያጣል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ጀማሪ ቢጫውን ያይና «ጠምቶት ነው» ብሎ ይጨምርለታል! የሰሜን ሸዋ እነዋሪ ገበሬዎች ዋልካውን በእጃቸው እያቀፉ ከፍ ያለ መደብ ይሠሩ ነበር፤ ትርፉ ውሃ በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴውና ምስሩ ከላይ ይበቅላል። የጓሮዬን መደብ ያበጀሁት የእነሱን አይቼ ነው።

በበጋ ደግሞ ጉዝጓዝ። የበዓል ቄጤማ በማግስቱ ተጠርጎ ቆሻሻ ላይ ሲጣል ሳይ ያንገበግበኛል። እሱን በቃሪያው መሐል አልብሱት። በጥር ፀሐይ ከላይ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ ገለጥ ሲያደርጉት ግን አፈሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ትሉም ከብርሃኑ ሸሽቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ክረምት ሲመጣ አነሳዋለሁ፤ ቀንድ አውጣ ይደበቅበታል።

ግትርነቴ የመጣው ከእናቴ ነው። ውሃ ከምንጭ በእንስራ የምታመጣ ሴት ቅጠል ላይ አትረጭም። እህል የታጠበበትን ውሃ እንኳ አጠራቅማ ከጎመኑ ሥር በጣሳ ታፈሰው ነበር። ጎመን ስትነቅልም አይቻት አላውቅም፤ የታች የታቹን ቀጥፋ ልቡን ትተውለታለች፤ በጾም ወራት ቤታችን ከዚያች ጓሮ ይበላ ነበር። ከሁሉ ያማሩትን ግን ሳትነካ ቢጫ አበባ ታስወጣቸዋለች፤ ከዘሩ ገሚሱ ለምጣድ ማሰሻ ይወቀጣል፣ ገሚሱ በጨርቅ ተቋጥሮ ለዘር ይቀመጣል።

እሷ ካረፈች ወዲህ ያን ዘር አላቋረጥኩትም። ገበያ የተሻለ አለ ይሉኛል፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ቶሎ የሚደርስ። ይሁን። የእኔ መደብ የእሷን ጎመን ነው የሚያበቅለው፤ ከአጥር ማዶ ላሉት ጋሼም ጭምር በየዓመቱ እጅ ሙሉ እሰጣለሁ።