ቁልቁለት ላይ የተለካ ናፍጣ

ደብረ ታቦር ላይ ፒክአፕ ያለው ሰው «ናፍጣ ቆጣቢ» የተባለ ዕቃ ባስገጠመ ማግስት የሚሄደው ወደ ባሕር ዳር ነው። ሰልባትዮውን ይሞላል፣ በዓለም በር አድርጎ ወደ ወረታ ይወርዳል፣ የፎገራን ሜዳ ያቋርጣል፤ ባሕር ዳር ሲገባ የጌጁ መርፌ ብዙም ፈቀቅ አላለም። ወዲያው ለእኔ ለመካኒኩ ስልክ ይመታል። «ጋሼ፣ ይኼ ዕቃ ጉድ ነው! መኪናዋ ናፍጣ መጠጣት ተወች እኮ!» «ተመስገን፤ ስትመለስ እናወራለን» እለዋለሁ። ሲመለስ ስለ መርፌው አያነሳም፤ እኔም አላነሳበትም።

አልፈርድባቸውም። መንግሥት በ2014 ዓ.ም ክረምት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር ከ50 ብር በታች የነበረው የናፍጣ ሊትር በ2017 ዓ.ም ከ100 ብር አልፏል። በኮንትራት ጭነት የሚያድር ሰው «አሥር በመቶ ይቀንስልሃል» ተብሎ ባይሞክር ነው የሚገርመኝ። የእኔ ጠብ ከአለካኩ ጋር ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፣ ወረታ 1,800 ገደማ ላይ። 40 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚያልፍ መንገድ 900 ሜትር መውረድ ነው። ራሱንና ጭነቱን ጨምሮ 25 ኩንታል የሚመዝን ፒክአፕ ያን ከፍታ መልሶ ለመውጣት 22 ሜጋ ጁል ያህል ጉልበት ይፈልጋል። (ሜጋ ጁል ስል ደንበኞቼ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ አንባቢ ይታገሠኝ።) አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ 36 ሜጋ ጁል ገደማ አለ፤ ሞተር ከዚያ ውስጥ ወደ ሥራ የሚቀይረው በደህና ቀን ሲሶውን ነው። ስለዚህ ጎማ ለማሽከርከርና ነፋስ ለመግፋት ከሚሄደው ሌላ፣ ዳገቱ ብቻውን ሁለት ሊትር ያህል ይበላል። ይህን ቆጣቢ ተብሎ የሚገጠም የትኛውም ማግኔት፣ የትኛውም ቺፕ አይምረውም። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ክንድ እየተጎተተ መቅደላ ሲወጣም ሂሳቡ ይኸው ነበር፤ የተከፈለው ግን በናፍጣ አልነበረም።

ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከፔዳሉ ሲነሳ የድሮው ሞተር ናፍጣውን አጥብቆ ይቀንሳል፣ ዲ ፎር ዲ የሚባለው አዲሱ የቶዮታ ሞተር ጭራሽ ይዘጋል። እንግዲህ አንዱ መኪና፣ በአንዱ ቀን፣ በአንዱ ሹፌር እጅ፣ ሲወርድ የሚጠጣው ሲወጣ ከጠጣው ግማሽ ላይደርስ ይችላል። በዚህ ልዩነት መሃል አሥር በመቶ የሚቆጥብ ዕቃ ቢቆጥብም አይታይም፤ ባይቆጥብም አይያዝም።

ለዚህ ነው ደርሶ መልስ ያልሆነ ልኬት የማልሰማው። ከአንድ ማደያ፣ ከአንዱ ፓምፕ፣ መኪናው አንድ ቦታ ቆሞ እስከ አፉ ይሞላል፤ ሄዶ ይመለሳል፤ እዚያው ይሞላል፤ የገባው ሊትርና የሄደው ኪሎ ሜትር ይጻፋል። ይህ አንዴ ዕቃው ሳይገጠም፣ አንዴ ተገጥሞ፣ አንዴ ደግሞ ወልቆ ይደገማል። ማውለቁን ማንም አይወደውም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። አዲስ ነገር ያስገጠመ ሹፌር ለሰሞኑ እግሩ ይለሰልሳል፣ ጡሩንባ ይቀንሳል፣ በማለፍ አይሽቀዳደምም። ቁጠባው የእግሩ ይሁን የዕቃው የሚለየው ዕቃው ሲወጣ ነው። ጎማ የቀየረ ሰው ደግሞ ቆጣሪውንም ማመን የለበትም። ፋብሪካው 205 በ16 ጎማ በሰጠው ሃይሉክስ ላይ 265/70 በ16 ቢገጠም ዙሪያው በ6 በመቶ ያህል ያድጋል፤ 100 ኪሎ ሜትር ተኪዶ ቆጣሪው 94 ይላል። ናፍጣው ከመንገዱ ጋር ሳይሆን ከቆጣሪው ጋር ተጣልቶ ያድራል።

መንገድ ተዘግቶ ማደያ ሲደርቅና ናፍጣው በጄሪካን ሲገዛማ ልኬት የሚባል ነገር የለም። ላምባ ይኑረው ውሃ ይኑረው ማን ያውቃል? በዲ ፎር ዲ ፖምፓና ኢንጀክተር ውስጥ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ነው፤ ብረቱን የሚያለሰልሰው ደግሞ ራሱ ናፍጣው ነው። ላምባ ደረቅ ነው። በጄሪካን የሚቀዳ ሰው ከፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ቶሎ ቶሎ ቢያፈስ ከማንኛውም ቆጣቢ ዕቃ በላይ ያተርፋል።

አሁን ወደ አየሩ። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌላቸው ሞተሮች፣ የሃይሉክስ ቱ ኤል፣ ስሪ ኤልና ፋይቭ ኤል፣ የላንድክሩዘሩ ዋን ኤች ዜድም፣ የሚስቡት ያንን ነው። ከፍታን አይቶ ናፍጣ የሚቀንስ መሣሪያ የሌለው ፖምፓ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ ለቆላውም ለደጋውም እኩል ይቀዳል። የተረፈው በማርሚታ ጠቁሮ ይወጣል። ክምር ድንጋይን አልፎ ወደ ነፋስ መውጫ፣ በጉና ሥር ዳገቱን ሲያያዙት፣ ከኋላ የሚከተል ሰው ፊት ለፊቱ ያለው መኪና ስንት ብር እንደሚተፋ ማየት ይችላል።

ደንበኛው ግን የሚለው ሌላ ነው። «ጉልበት አንሷታል፤ ናፍጣ ጨምርባት።» ፖምፓው ጀርባ ላይ ያለችውን ብሎን ወደ ውስጥ እንዳጠብቅለት ነው። እኔ ወደ ውጭ አላላታለሁ፤ ሩብ ዙር እንኳ አይሞላም፣ ጭሱ ከጥቁር ወደ ግራጫ እስኪገረጣ ድረስ ብቻ። በመጀመሪያው ዳገት ይቆጣል፣ በሁለተኛው ይለምደዋል። ይህም ቢሆን ተአምር አይደለም። ብሎኗ የምትሠራው ፔዳሉ ሙሉ ሲረገጥ ብቻ ነው፤ ፎገራ ሜዳ ላይ በስድሳ ለሚሄድ ሰው አንድ ጠብታ አታድንም።

ማግኔቱን በአጭሩ ልለፈው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከመቶ በላይ ነዳጅ ቆጣቢ የተባሉ ዕቃዎችን ፈትሾ ፍጆታን ጎልቶ በሚታይ መጠን የሚቀንስ አላገኘም። ስኖርክልም (ከጣሪያ በላይ አየር የሚስበው ቱቦ) ቢሆን አቧራና ውሃ ለማራቅ ደህና ነው፤ ከጣሪያ በላይ ያለው አየር ግን ከኮፈን ሥር ካለው ብዙም አይወፍርም። ቺፕና «ፕሮግራም» ላይ ግን ልቆይ፤ አደጋ ስላለው። ቱርቦ ያለው ሞተር እዚህ ድረስ ወጥቶ ጉልበቱን ብዙም የማያጣው ቱርቦው ከቆላው ይልቅ በፍጥነት ስለሚሽከረከር ነው። ሁለት ባር አየር ለሞተሩ ለማድረስ ባሕር ዳርቻ ላይ አየሩን ሁለት እጥፍ ማመቅ ይበቃዋል፤ ደብረ ታቦር ላይ ወደ ሁለት ነጥብ ሰባት እጥፍ ይጠጋል። ቺፑን ያዘጋጀው ሰው ይህን አላየም። አውሮፓ ውስጥ አዳዲስ መኪኖች መንገድ ላይ ሲፈተኑ ሕጉ የሚፈቅደው ከፍታ ቢበዛ 1,300 ሜትር ነው፤ የእኛ ወረታ እንኳ ከዚያ በላይ ናት። ቀድሞውኑ እየሮጠ ባለ ቱርቦ ላይ ቺፑ ሌላ ሩጫ ሲጨምርበት የሚቆጠበው ናፍጣ የቱርቦውን ዋጋ አይመልስም።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ተርሞስታት ነው። እዚህ አገር አሮጌ ፒክአፕ ከፍቶ ተርሞስታት በቦታው ማግኘት ዕድል ነው። «መኪናዋ ሞቀች» ሲባል መጀመሪያ ወልቆ የሚጣለው እሱ ነው። ደጋ ላይ፣ ጠዋት ጤዛው መስታወት ላይ በረዶ በሚያክልበት አገር፣ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሳይሞቅ ይውላል። ዘይቱ ይወፍራል፣ ናፍጣው በቀዘቀዘ ግድግዳ ላይ ሙቀቱን ያባክናል፣ ቁጠባ የሚፈልገው ሰውዬ ግን አዲስ ዕቃ ፍለጋ ይዞራል።

ለምን እንደሚጣል አንድ ቀን በጣሳ አሳይቻለሁ። ቡታጋዝ ላይ ውሃ አስቀምጬ ተርሞስታቱን በሽቦ አንጠለጠልኩበት። ጠርዙ ላይ 88 ተጽፎበታል፤ በዚያ ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፣ ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ግን ከዚያ ብዙ መጨመር አለበት። ውሃው ተንፈቀፈቀ። መዳቡ ላይ አረፋ ተለጠፈ፣ ስፕሪንጉ ንቅንቅ አለ፣ በአፉ ጥፍር የማታስገባ ቀዳዳ ታየች፤ በቃ። አጠገቤ የቆመው ልጅ «ሞቷል፣ ጋሼ፤ እየፈላ እንኳ አልከፈተም» አለ። አልሞተም። ደብረ ታቦር ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ በክፍት ጣሳ ብታነዱት እንፋሎት እንጂ ሙቀት አይጨምርም። ኩላንት ቀላቅለን መፍያውን ከፍ ስናደርገው ያው «የሞተው» ተርሞስታት እስከ ዳር ተከፈተ። የቆላ ማንዋል አንብቦ በደጋ ጣሳ የሚፈትን መካኒክ ስንት ጤነኛ ተርሞስታት እንደቀበረ እግዜር ይቁጠረው።

መሞቁም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከራዲያተር ክዳን ነው። ጤነኛ ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት ይይዛል፤ በእኛ ከፍታ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይዝም፣ ውሃው በ91 ይፈላል፣ ሹፌሩ እንፋሎት አይቶ ተርሞስታቱን ይረግማል። ክዳንና ተርሞስታት በአንድ ላይ ቀይሬ፣ የሚጎትት ፍሬን አላቅቄ፣ ጎማ በልኩ ነፍቼ፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል አስፈትሼ የላክሁት መኪና በደርሶ መልስ ልኬት የሚያሳየኝ ልዩነት ከተሸጡልን ተጨማሪ ዕቃዎች ሁሉ ይበልጣል። ይህን ግን ማንም «አፕግሬድ» አይለውም፣ ለጓደኛውም ደውሎ አያወራም።

ታዲያ የሚጨመር ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ወይ? ቱርቦ ለሌለው ሞተር ቱርቦ መጨመርን ከንቱ አልለውም። የጎደለው አየር ስለሆነ የሚመልሰውም አየር ነው። 0.3 ባር ብቻ ቢሰጠው፣ ከዚያም አይለፍ፣ ያ ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከመርከብ ሲወርድ የሚስበውን አየር ደብረ ታቦር ላይ ያገኛል። እነዚህ ሞተሮች አየሩን 22 እጥፍ ያህል የሚያምቁት ያለ ቱርቦ ተብሎ ነውና ስስት አያስፈልግም። ናፍጣው ሳይነካ ከተተወ ጭሱ ይጠፋል፣ ዳገት ላይ ጥቂት ይቆጠባል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ጉልበቱን የቀመሰ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ «አሁን ናፍጣ ጨምርባት» ይላል፤ የተገኘው አየር ለፍጥነት ይውላል፣ ቁጠባው እዚያው ያልቃል።

በቅርቡ አንድ ነፋስ መውጫ የሚመላለሱ አዛውንት ለፋይቭ ኤላቸው ቱርቦ ይገባት እንደሆነ ጠየቁኝ። «ለናፍጣው ከሆነ ይቅርብዎ፣ የቱርቦው ዋጋ በእርስዎ ዕድሜ በናፍጣ አይመለስም። በሁለተኛ ማርሽ መንፏቀቁ ከሰለቸዎ ግን ይግጠሙ፤ ለጊዜዎ ነው የሚከፍሉት» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ጊዜስ አለኝ፤ ተርሞስታቱን አስገባልኝ» አሉ።