«የማን ልጅ ነህ?» እና «የት ትኖራለህ?»
ፖል ማርቲን በካናዳ ፓርላማ ስላቀረቧቸው ሕጎች የቀረበ ትችት

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር ከግቢው አጠገብ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። በሽተኛ ሲመጣ በበሩ ላይ የሚቀመጠው ጸሐፊ ሁለት ነገር ጠይቆ በመዝገቡ ይጽፍ ነበር፤ «የማን ልጅ ነህ?» እና «የት ትኖራለህ?» ብሎ። የፊተኛው ጥያቄ ለስሙ ነበረ። ለሕክምናው የሚያገለግለው ግን የኋለኛው ነበረ፤ ነርሷ በማግሥቱ ቁስሉን ለማየት የምትሄደው ወደሚኖርበት ቤት እንጂ ወደ ትውልድ ሐረጉ አይደለምና።

ይህን ትዝታ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። መንግሥት ሁሉ በሕጉ ውስጥ እነዚህኑ ሁለት ጥያቄዎች ይጠይቃል። የዜግነት ሕግ በብዙ አገር የፊተኛውን ይጠይቃል፤ የሕዝብ አገልግሎት ሕግ ደግሞ የኋለኛውን። አንድ እንደራሴ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ሕግ ለፓርላማ አቅርቦ ማጽደቁ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም። የካናዳው ፖል ማርቲን ግን ይህን አድርገዋል። ስለዚህ ሥራቸውን መርምረን የትኛው ሕግ ለሰው ይበልጥ እንዳደላ ለመናገር እንደፍራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ማርቲን በ1903 በኦታዋ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው የፖሊዮ በሽታ ይዟቸው ነበር። ሕግ ከተማሩ በኋላ በዊንድዘር ከተማ በጥብቅና ሠሩ፤ በ1935 የኤሴክስ ምሥራቅ ወረዳ እንደራሴ ሆነው ተመረጡ፤ በዚያም ወንበር እስከ 1968 ቆዩ። በ1945 «የመንግሥት ጸሐፊ» በሚባለው የሚኒስትርነት ማዕረግ ሳሉ የዜግነቱን ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ረቂቁ በ1946 እንደገና ቀርቦ በዚያው ዓመት ጸደቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1947 ጀምሮም ጸና።

ማርቲን አሳቡ የመጣላቸው በጦርነቱ ጊዜ በፈረንሳይ አገር በዲዬፕ ያለውን የካናዳ ወታደሮች መቃብር በጎበኙ ጊዜ መሆኑን በትዝታ መጽሐፋቸው ተርከዋል። በመስቀሎቹ ላይ የተጻፉት ስሞች ከልዩ ልዩ ዘር የመጡ ነበሩ፤ ሁሉም ግን ለአንድ አገር ሞተዋል። ታሪኩ ልብን ይነካል። ነገር ግን ትችት ከልብ መነካት አልፎ መጠየቅ አለበት። መቃብሩ ለሞቱት የሰጠውን እኩልነት ሕጉ በሕይወት ላሉት ሰጥቷልን?

በመጀመሪያ ሕጉ የሠራውን በጎ ነገር እንናገር። ከዚያ በፊት የካናዳ ሰው በሕግ ፊት የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዥ ነበረ እንጂ ራሱን የቻለ የካናዳ ዜግነት የሚያቆም ሕግ አልነበረውም። አዲሱ ሕግ በአገሩ የተወለደውንና ከውጭ መጥቶ የሰፈረውን በአንድ ስም ጠራቸው። የባዕድ አገር ሰው ያገባች ሴት በጋብቻዋ ብቻ ዜግነቷን የምታጣበትን ልማድም አስቀረ። በጃንዋሪ 3 ቀን 1947 በኦታዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕንጻ በተደረገው ሥነ ሥርዓት የመጀመሪያውን የዜግነት ወረቀት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማኬንዚ ኪንግ ተቀበሉ። ከእርሳቸውም ጋር በ1891 ከዩክሬን የመጣው ገበሬ ዋሲል ኤሌኒያክና አርመናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ዩሱፍ ካርሽ ተቀበሉ። ጠቅላይ ሚኒስትርና ስደተኛ ገበሬ በአንድ ሰልፍ ቆመው አንድ ዓይነት ወረቀት መቀበላቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም የሕጉን አንቀጾች የመረመረ ሰው ሌላ መልክ ያያል። ከጋብቻ በውጭ አገር የተወለደ ልጅ ዜግነትን የሚወርሰው ከአባቱ ብቻ ነበረ፤ እናቱ ካናዳዊት መሆንዋ አይበቃውም። አባት የሌላ አገር ዜግነት ሲወስድ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጁም አብሮት ዜግነቱን ሊያጣ ይችል ነበር፤ ልጁን የጠየቀው ግን የለም። ከዚህ የተነሣ ካናዳዊ ነኝ ብለው ሲኖሩ ቆይተው ፓስፖርት ሊያወጡ በሄዱ ጊዜ «አይደለህም» የተባሉ ሰዎች በኋላ ዘመን ተገኙ፤ «የጠፉ ካናዳውያን» የሚል ስምም ወጣላቸው። በ1977 የጸናው አዲስ የዜግነት ሕግ ብዙውን አንቀጽ ለወጠ፤ የቀረውን ለማረም ደግሞ በ2009 እና በ2015 የጸኑ ማሻሻያዎች አስፈለጉ። አንድ አንቀጽ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የጠየቀውን ጥያቄ ለማረም ከስድሳ ዓመት በላይ ወሰደ ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ጉድለት ሕጉ ስምን ሰጥቶ መብትን አለመዘርዘሩ ነው። በ1946ቱ ክርክር ላይ ተቃዋሚው እንደራሴ ጆን ዲፈንቤከር የመብት ድንጋጌ ከዜግነቱ ሕግ ጋር እንዲያያዝ ጠይቀው ነበር፤ አልተቀበሏቸውም። በዚያው በ1946 መንግሥት ዘራቸው ከጃፓን የሆነ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎችን ወደ ጃፓን ላከ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የተወለዱት በካናዳ ነበረ። ማርቲንም የዚያ መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ መንግሥት በአንድ እጁ የዜግነትን በር ሲከፍት፣ በሌላ እጁ በአገሩ የተወለደውን ሰው በመርከብ ሲያስወጣ የምናየው እንቆቅልሽ ይህ ነው። መንግሥቱ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ1988 ነበር።

የአገሩ ነባር ሕዝቦችም ነገር እንዲሁ ነው። ከማንም በፊት በምድሩ ላይ የነበሩት ሰዎች በዜግነቱ ሕግ በግልጽ የተካተቱት በ1956 በወጣው ማሻሻያ ነው። በፌዴራሉ ምርጫ ያለ ገደብ ድምፅ የመስጠትን መብት ያገኙትም በ1960 ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ሕግ እንሸጋገር። የዜግነቱ ሕግ በጸና ጊዜ ማርቲን በዲሴምበር 1946 ወደ ጤናና ማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር ተዛውረው ነበር። የሚያስደንቀው ነገር ሕጉ በጸናበት በዚያው ቀን፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 1947፣ የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር በቶሚ ዳግላስ መሪነት የሆስፒታል መድን አገልግሎቱን መጀመሩ ነው። ማርቲን ይህን የክፍለ ሀገር ሥራ የመላው አገር ለማድረግ አሥር ዓመት ደከሙ። በ1948 መንግሥት ለክፍላተ ሀገር በዓመት ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የጤና ርዳታ መስጠት ጀመረ፤ ከዚህም ብዙ የሆስፒታል አልጋ ተገኘ። በ1951 የወጣው የሽማግሌዎች ጡረታ ሕግ ከ1952 ጀምሮ ዕድሜው 70 ለሞላና በአገሩ 20 ዓመት ለኖረ ሁሉ በወር 40 ዶላር ሰጠ። በኤፕሪል 1957 ደግሞ የሆስፒታል መድን ሕጉ ያለ አንድ ተቃዋሚ ድምፅ በምክር ቤቱ አለፈ፤ ከጁላይ 1 ቀን 1958 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት የሆስፒታል ወጪውን እኩሌታ ያህል ይከፍል ነበር፤ ክፍለ ሀገሩም በበኩሉ አገልግሎቱን ለነዋሪው ሁሉ በአንድ ዓይነት ደንብ ይሰጥ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «ነዋሪ» የሚለውን ቃል ያስተውል። የሆስፒታሉ ሕግ የዜግነት ወረቀት አይጠይቅም ነበር፤ የጡረታውም ሕግ የሚቆጥረው በአገሩ የተኖረውን ዓመት ነው። ስለዚህ የነባር ሕዝቦች ሽማግሌ በ1952 በነዋሪነቱ ጡረታውን ሲቀበል፣ ዜግነቱ ገና በግልጽ አልተጻፈለትም፤ የድምፅ መብቱም ገና አልተሟላለትም። የማርቲን የአገልግሎት ሕግ የማርቲንን የዜግነት ሕግ ቀድሞት ሄደ ማለት ነው።

በዚህ አሳባችን ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ «ነዋሪ» የሚለው ቃል የመጣው ከጥልቅ አሳብ ሳይሆን ከአስተዳደር ፍላጎት ነው የሚል ነው። ይህ እውነት አለበት። በ1867ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ሆስፒታል የክፍላተ ሀገር ሥራ ነው፤ ክፍለ ሀገርም ነዋሪ እንጂ ዜጋ የለውም። ነገር ግን የሕግ ዋጋ የሚለካው በመነሻው ብቻ አይደለም፤ በደረሰበትም ነው። በ1966 የሐኪም አገልግሎትን የጨመረው ሕግም ሆነ በ1984 የወጣው የካናዳ የጤና ሕግ ይህንኑ «ነዋሪ» የሚለውን መለኪያ ይዘው ሄዱ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ማርቲን በመሩት በዚያው ሚኒስቴር ሥር ለነባር ሕዝቦች ብቻ የተለዩ ሆስፒታሎች ነበሩ፤ በ1946 በኤድመንተን የተከፈተው የቻርልስ ካምሰል ሆስፒታል አንዱ ነው። ከዚህም ሌላ የ1957ቱ ሕግ የአእምሮ በሽተኞችንና የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታሎችን አላካተተም ነበር። እንግዲህ «የት ትኖራለህ?» የሚለው ጥያቄም በተግባር ሲውል «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው በጓሮ በር ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ይህን ሳንሸሽግ እንቀበላለን። ቢሆንም ልዩነት አለ። በዜግነቱ ሕግ ውስጥ አድልዎው በአንቀጹ ላይ ተጽፎ ነበረ፤ በሆስፒታሉ ሕግ ግን አድልዎው ከቃሉ ጋር የሚጣላ ነበረ። ከተጻፈ ቃል ጋር የሚጣላ ግፍ ለከሳሹ ማስረጃ ይተውለታል፤ በራሱ በሕጉ የተጻፈ ግፍ ግን ለዳኛው መሸሸጊያ ይሆነዋል።

ስለ ማርቲን የሚናገሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «የዜግነት ሕግ አባት» ብለው ያመሰግኗቸዋል፤ የ1947ቱን ሥነ ሥርዓትም ያነሣሉ። በበኩላችን ምስጋናው ቦታውን የሳተ ይመስለናል። ወረቀቱ የተሰጠው በጠቅላይ ፍርድ ቤት አዳራሽ በካሜራ ፊት ነበረ፤ የሆስፒታሉ አልጋ ግን የተሰጠው በሌሊት፣ ያለ ንግግር፣ ምጥ ለያዛትና እግሩ ለተሰበረ ነበረ። ሰው የአንድ አገር ሰው መሆኑን ከወረቀቱ ይልቅ ከአልጋው ይማራል።

ይህን ስንል ዜግነት አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። በአገሩ የሚኖር ሰው ነገ ከአገሩ ሊያስወጡት የሚችሉ ከሆነ ነዋሪነቱ ምን ይጠቅመዋል? ወደ ጃፓን የተላኩት ሰዎች ነዋሪዎችም ነበሩ፤ ብዙዎቹም የአገሩ ልጆች ነበሩ። የጎደላቸው ሁለቱን ስሞች የሚጠብቅ የመብት አጥር ነበረ። ዲፈንቤከር የጠየቁት አጥር በ1960 እርሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሲወጣ ለእነርሱ ዘግይቶባቸዋል።

ስለዚህ የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን የዜግነትን ሕግ ለብቻው፣ የጤና ተማሪዎች ደግሞ የሆስፒታልን ሕግ ለብቻው ማንበባቸው አይበቃም እንላለን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የአንዱ ጥያቄ በሌላው ላይ ምን እንደሚሠራ መመርመር ያስፈልጋል። መምህራኖቻችን በፍርዳችን ላይ ስሕተት ቢያገኙ ቢያርሙን ደስ ይለናል። የክሊኒኩን ጸሐፊ መዝገብ ግን አንረሳውም። በዚያ መዝገብ ላይ ሁለቱም ጥያቄዎች ይጻፉ ነበር፤ በፊተኛው ጥያቄ መልስ ምክንያት ከበሩ የተመለሰ በሽተኛ ግን አላየንም።