የረርማ ውጭ አለ

ባለፈው ቅዳሜ ዱከም ጎራ ብዬ ነበር። ዱከም የሚያስሄደው ጉዳይ ይታወቃል፤ ቁርጥ ነው። እኔ ግን ሥጋው እስኪመጣ ግድግዳው ላይ ያለ ሥዕል ያዘኝ። በረዶ የለበሱ ተራሮች፣ ከሥራቸው ሐይቅ፣ ዳር ዳሩን ጥድ። ሰዓሊው እጁ አይታማም፤ ሐይቁን አሳምሮታል። ችግሩ ወዲህ ነው። የፊተኛውም ተራራ የኋለኛውም እኩል ደማቅ፣ እኩል ጥርት ያሉ ናቸው። በመካከላቸው አየር የለም። አንድ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ይመስላሉ።

ባለቤቱን “ምነው የረርን ብታሠራ?” አልኩት። ሳቀና “የረርማ ውጭ አለ፣ ጋሼ!” አለኝ።

ወጥቼ አየሁ። በሰሜን ምሥራቅ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የረር፣ በደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ዝቋላ። ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ናቸው። ታዲያ የረር ሸንተረሩ ሲለይ፣ ዝቋላ ነጣ ያለ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ነው። ተራራው ሰማያዊ ሆኖ አይደለም እኮ! በመካከል ያለው አየር የፀሐይን ብርሃን፣ ይልቁንም ሰማያዊውን፣ እየበተነ ስለሚያለብሰው ነው። አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስ ይነጣል። ሊዮናርዶ ዳቪንቺ ይህን አስተውሎ ከጻፈ 500 ዓመት አልፎታል።

ስለዚህ ሰዓሊ ከሩቁ ይጀምራል። ዝቋላን በቀጭን፣ በፈዘዘ ሰማያዊ ይቀባል። ሲደርቅ ቀረብ ያለውን ኮረብታ ጠቆር አድርጎ ይደርባል። በመጨረሻ የአድአን ጤፍ በሞቀ ቢጫ፣ ጠርዙን አጥርቶ ከፊት ያመጣዋል። ርቀት የሚገኘው በድርብርብ ቀለም ነው።

“የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንስ መቼ አየር አለው?” የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ እዚያ ግን መጠን የሚለካው በክብር እንጂ በርቀት አይደለም። ሥርዓቱ ሌላ ነው። የቁርጥ ቤቱ ሥዕል ግን “እውነተኛ አገር ነኝ” ብሎ ነው የተሰቀለው።

የየትኛው አገር? በጎረቤት ቢሾፍቱ፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ ሥለው ስም አትርፈዋል። ደጃፍ ያለ ነገር ለሥዕል እንደሚበቃ ለመማር ሩቅ መሄድ አያሻም።

“የረርማ ውጭ አለ” ያለው ሰውዬ አልዋሸም። ግን የረርን ለማየት፣ በመሠራት ላይ ያለውን ፎቅ አልፌ መንገድ መሻገር ነበረብኝ። የበረዶውን ተራራ ከወንበሬ ሳልነሳ አየሁት።