የ«ማርሞሳ» አመዳደብና የአማርኛ ስያሜው፦ ሒሳዊ አስተያየት

በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ጫካዎች ውስጥ፥ መልኩ አይጥ የሚመስል፥ ሌሊት ሌሊት በዛፍ ቅርንጫፎች ላይ ምግቡን ሲፈልግ የሚያድር ትንሽ አጥቢ እንስሳ አለ። ሊቃውንቱ «ማርሞሳ» ይሉታል። በአገራችን የማይገኝ በመሆኑ ሕዝቡ ያወጣለት ስም የለም፤ የሥነ ሕይወት ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ግን ስም ሊያወጣለት ይገደዳል። ያን ጊዜ አስቀድሞ ወደ ብዕር የሚመጣው «ባለ ከረጢት አይጥ» የሚለው ነው። ይህ ስያሜ ለምን እንደማይበጅ ለማሳየት፥ በእንስሳው አመዳደብ ላይ ሮበርት ቮስና ሻረን ጃንሳ እ.ኤ.አ. በ2009፥ ከዚያም ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ2014 ያወጧቸውን ሁለት ሥራዎች ከስያሜ ጥናት አንጻር እንመረምራለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ«ባለ ከረጢት አይጥ» ውስጥ ሁለት ነገሮች ተነግረዋል፤ ሁለቱም ሐሰት ናቸው። አንደኛ፥ እንስሳው አይጥ አይደለም። የቤት አይጥ በዘር ሐረግ ከማርሞሳ ይልቅ ለላም፥ ለዝሆንና ለሰው ይቀርባል። ሁለተኛ፥ ማርሞሳ ከረጢት የለውም። እናቲቱ ገና ሳይጠነክሩ የተወለዱትን ልጆቿን የምታሳድገው በከረጢት ሸሽጋ ሳይሆን ከጡቶቿ ጫፍ ላይ እንደ ተጣበቁ ነው። በእርግጥ «ማርሱፒያል» የሚለው የወል ስም ራሱ «የገንዘብ ቦርሳ» ከሚል የላቲን ቃል የተገኘ ስለሆነ ስሕተቱ ከምንጩ ነው ሊባል ይችላል። ነገር ግን ላቲን የማያውቅ አንባቢ በዚያ ቃል ውስጥ ቦርሳውን አያይም፤ አማርኛ አንባቢ ግን «ከረጢት» ሲባል ከረጢቱን ሳያይ አያልፍም። ፍቺው ግልጥ የሆነ ስያሜ በተሳሳተ ጊዜ ከባዕድ ቃል ይልቅ አብዝቶ ያሳስታል።

የሕዝብ ስሞችም ቢሆኑ እውነተኛውን ዝምድና አይናገሩም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም። ሽኮኮን ያየ ሁሉ ከአይጥ ወገን ይቈጥረዋል እንጂ የዝሆን ዘመድ ነው ብሎ አይገምትም። የባሌና የስሜን ተራሮች ቀይ ቀበሮም በ1994 በወጣ የዘር ውርስ ጥናት ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለአውሮፓና ለእስያ ተኩላ የሚቀርብ ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም ማንም ባላገር «ቀይ ቀበሮ» ማለቱን ይተው አንልም። ሕዝብ ያወጣው ስም የሕዝብ ነው፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፍቺውን ያርማል እንጂ ስሙን አይነካም። ዛሬ እኛ ራሳችን በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የምንፈጥረው ስም ግን ሌላ ነው። እርሱን የሚያጸድቅለት የቈየ ልማድ የለም፤ ስለዚህ ለሚናገረው ነገር ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።

አሁን ወደ አመዳደቡ እንለፍ። ሊኔየስ በ1758 ከእነዚህ እንስሳት አንዱን ሲሰይም «አይጥ መሳይ» የሚል ቅጽል ሰጠው፤ «ማርሞሳ» የሚለውን የወገን ስም ያወጣው ግን ግሬይ ነው፤ ዓመቱም 1821። በ1933 ጆርጅ ቴት በኒው ዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መጽሔት ባወጣው ሰፊ ጥናት፥ በዚህ አንድ ስም ሥር የተሰበሰቡትን ዝርያዎች በአምስት ጓድ ከፈላቸው። ጋርድነርና ክሬይተን በ1989 አምስቱን ጓዶች ወደ አምስት ወገኖች ከፍ አደረጓቸው፤ እነርሱም ማርሞሳ፥ ሚኩሬዩስ፥ ማርሞሶፕስ፥ ግራሲሊናኑስና ታይላሚስ ናቸው።

የ2009ኙ ሥራ ዋና ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ቮስና ጃንሳ የአካል ቅርጽን፥ ክሮሞዞሞችንና በርካታ ጂኖችን አንድ ላይ መርምረው፥ ከአምስቱ መካከል ማርሞሳና ሚኩሬዩስ በአንድ ቅርንጫፍ፥ የቀሩት ሦስቱ በሌላ ቅርንጫፍ እንደሚገኙ አሳዩ። ከዚህም በላይ፥ ጅራቱ አጭር የሆነውና በመሬት ላይ የሚሄደው ሞኖዴልፊስ፥ በመልክ ማርሞሳን ከሚመስሉት ከሦስቱ ይልቅ ለማርሞሳ የሚቀርብ ሆነ። እንግዲህ በእንግሊዝኛ «አይጥ ኦፖሰም» እየተባሉ በአንድ የወል ስም የሚጠሩት እንስሳት የጋራ መልክ እንጂ ለብቻቸው የሆነ የጋራ አባት የላቸውም። ምስስልና ዝምድና ተለያዩ ማለት ነው።

ሌላም ችግር ነበረ። ከማርሞሳዎች አንዳንዶቹ ከሌሎቹ ማርሞሳዎች ይልቅ ለሚኩሬዩስ ይቀርባሉ። ስለዚህ ሚኩሬዩስን ለብቻው ወገን አድርጎ ማርሞሳን እንደ ነበረ መተው፥ ከአንድ አባት ልጆች ጥቂቶቹን ከቆጠራው ማስወጣት ይሆናል። የዚህ ዓይነቱን ስብስብ ሊቃውንቱ የሚጠሩበት የግሪክኛ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚዎችን ያስጨንቃል። በእኛ አስተያየት ግን አማርኛ በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። በ1975 የወጣው የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱን እስኪሽረው ድረስ፥ በርስት ክርክር ላይ ዋናው አባት ይጠራ፥ ትውልዱ ይቈጠር፥ ከዚያ አባት ቈጥሮ የሚወርድ ሁሉ ተወላጅነቱ ይታወቅለት ነበር። ከተወላጆቹ አንዱ ያለ አግባብ ከተዘለለ ቆጠራው ጎደሎ ነው። ስለዚህ አንድን አባትና ተወላጆቹን በሙሉ የያዘውን ስብስብ «ምሉእ ሐረግ»፥ ከተወላጆቹ ከፊሉን ያስቀረውን ደግሞ «ጎደሎ ሐረግ» ብንለው ማንም አንባቢ ያለ መምህር ይረዳዋል። ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታ አለ፤ ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ አንድ ሰው የብዙ ሐረጎች ተወላጅ ሊሆን ይችላል፥ የእንስሳት ዝርያ ግን በአብዛኛው የሚወርደው በአንድ መሥመር ነው። ይህ ልዩነት በመግለጫው ላይ መጻፍ አለበት እንጂ ቃሉን ለመጣል አያበቃም።

በአንጻሩ «ቤተሰብ» ለምደባ ቃልነት አይስማማንም። በአማርኛ ቤተሰብ ማለት በአንድ ጣራ ሥር የሚኖር ሁሉ ነው፤ አሽከሩም ገረዷም ጥገኛውም ይገቡበታል። አብሮ መኖርንና አብሮ መወለድን የማይለይ ቃል ለዘር ሐረግ ጥናት እንቅፋት ነው። ስለዚህ «አስተኔ» የሚለው ሙያዊ ቃል ለጆሮ እንግዳ ቢሆንም ይመረጣል።

ቮስና ጃንሳ ጎደሎውን ሐረግ ለመሙላት ሁለት መንገድ ነበራቸው፤ ማርሞሳን ቈራርጦ አዳዲስ ወገኖች ማውጣት፥ ወይም ሚኩሬዩስን መልሶ በማርሞሳ ሥር ማስገባት። ሁለተኛውን መረጡ፤ መልካም አደረጉ። ስም ማብዛት ቀላል ነው፤ ከጊዜ በኋላ የመዝገበ ቃላት ሸክም ይሆናል። የ2014ቱ ሥራ ግን ይህን ቊጥብነት በከፊል የረሳ ይመስላል። ማርሞሳን በአምስት ንኡስ ወገኖች ሲከፍል፥ «ኤኦማርሞሳ» የተባለው አንድ ዝርያ ብቻ ይዞ ቆመ። አንድ አባል ብቻ ያለው ስብስብ ስለ ዝምድና የሚናገረው ነገር የለም፤ የዝርያውን ስም በሌላ ስም መድገም ነው። በአብዛኛው ከአንዲስ ተራሮች ማዶና በመካከለኛው አሜሪካ የሚኖሩትን የያዘው «ኤክሱሎማርሞሳ» ግን በውስጡ «ስደተኛ» የሚል የላቲን ቃል ይዞ የመኖሪያ ታሪካቸውን በአንድ ቃል ያስታውሳል፤ ሰያሚዎቹን የምናመሰግንበት ነው። ያም ሆኖ ለንኡስ ወገኖች የአማርኛ ስም ማውጣት አያስፈልግም፤ በድምፃቸው እንዳሉ ይጻፉ።

«ኦፖሰም» የሚለውን ቃል በሚመለከት፥ እንግሊዝኛ ራሱ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከቨርጂኒያ ነባር ሕዝብ ቋንቋ የተዋሰው ስለሆነ እኛም ብንዋሰው ነውር የለበትም። ከአውስትራሊያው «ፖሰም» ጋር እንዳይቀላቀል ግን የመጀመሪያው ፊደል «ኦ» ፈጽሞ መጣል የለበትም፤ ሁለቱ በክፍለ መደብ ይለያያሉ። «የአይጥ ኦፖሰም» የሚለው ቃል በቃል ትርጉምም አይሆንም፤ አማርኛ አንባቢ አይጥ የምታረባው ኦፖሰም መስሎት ይደናገራል። «መሰል» የሚለው ቃል ከገባ ግን ስያሜው መልክን ብቻ እንደሚናገር በግልጥ ይታወቃል።

ስለዚህ ለመዝገበ ቃላቱ የሚከተሉትን መግለጫዎች እናቀርባለን፦

አይጥ መሰል ኦፖሰም (የወል ስም)፦ ማርሞሳ፥ ማርሞሶፕስ፥ ግራሲሊናኑስ፥ ታይላሚስና የሚመስሏቸው ትናንሽ ኦፖሰሞች በመልካቸው የሚጠሩበት ስም። ምሉእ ሐረግ አይደለም።

ማርሞሳ (የወገን ስም)፦ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የሚኖር፥ ከረጢት የሌለው የማርሱፒያል ወገን፤ ሚኩሬዩስን በንኡስ ወገንነት ይጨምራል። ለሞኖዴልፊስ የቅርብ ዘመድ ነው። ከአይጥ ጋር ምስስል እንጂ የቅርብ ዝምድና የለውም።